በጥር ያዩትን ከተማ በግንቦትም ይዩት

«ጤና ይስጥልኝ። የ37 ዓመት ሴት ነኝ፤ ተወልጄ ያደግኩትም ትዳር የመሠረትኩትም አዲስ አበባ ነው። በአንድ የግል ድርጅት በሒሳብ ሠራተኝነት ዘጠኝ ዓመት አገልግያለሁ። ባለቤቴ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነው። ሰባተኛ ክፍል የምትማር የ13 ዓመት ሴት ልጅና የአምስት ዓመት ወንድ ልጅ አሉን፤ ደም ግፊት ያለባቸው የ70 ዓመት እናቴም አብረውን ይኖራሉ። ኮተቤ በ14,000 ብር ተከራይተን ነው የምንኖረው። ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ካልወጣሁ ሥራ አልደርስም፤ ማታ ስገባ ትንሹ ልጄን ተኝቶ አገኘዋለሁ። በጥር ወር ድሬዳዋ ያለ አንድ የዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ለሒሳብ ክፍል ኃላፊነት ጠርቶኝ ሄጄ አየሁ፤ ከተማዋን ወደድኳት። አሁን ደመወዜ 28,000 ብር ነው፤ እነሱ 41,000 ብር ሊከፍሉኝ ነው። ሳቢያን የሚባል ሠፈር ያየሁት ባለ ሁለት መኝታ ቤት ኪራዩ 9,000 ብር ነው። እስከ የካቲት መጨረሻ መልስ ሰጥቼ በሚያዝያ መጀመሪያ ሥራ እንድጀምር ይፈልጋሉ። እዚያ ዘመድ የለንም። ባለቤቴ በእጁ የሚደርሰው 11,000 ብር ነው፤ ስለ መሄዱ ሳነሣበት ‹አንቺ ካልሽ እሺ› ከማለት በቀር ምንም አይናገርም። እናቴ ግን ቁልቢ ገብርኤል ቅርብ ነው ብለን ብናባብላቸውም ‹እኔን እዚሁ ቅበሩኝና ሂዱ› አሉን። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ የምንቆጥብለት የ20/80 ኮንዶሚኒየም ምዝገባም አለን። እንሂድ ወይስ እንቅር? ልቧ የተከፈለ፣ ከኮተቤ።»

ውድ ጠያቂያችን፤

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ ዓይኔ ያረፈው በደመወዙ ላይ ነበር፤ በሁለተኛው ግን ባለቤትዎ በተናገሯት አጭር ቃልና እናትዎ በተናገሩት ከባድ ቃል ላይ ቀረ። ሐሳቤን ሳላንዛዛ ከፊት ላስቀምጠው። ሥራውን ይቀበሉት ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን በሚያዝያ የሚሄዱት እርስዎ ብቻዎን ይሁኑ። ቤቱ፣ ልጆቹ፣ የባለቤትዎ ሥራና የእናትዎ ዕድር ለጊዜው ባሉበት ይቆዩ፤ ቤተሰቡ ይነሣ ወይስ አይነሣ የሚለው ውሳኔ ደግሞ የድሬዳዋን ግንቦትና ሰኔ በራስዎ አካል ካዩ በኋላ ይሰጥ።

ድሬዳዋን በወሬ የማውቃት ከተማ አይደለችም፤ ከ1993 እስከ 1999 ዓ.ም. ኖሬባታለሁ፤ የመጀመሪያ ልጄም የተወለደችው እዚያ ነው። ስለዚህ በጥር ሄደው «ወደድኳት» ሲሉ ምን እንዳዩ ይገባኛል። በጥር የድሬዳዋ ጠዋት ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ቀኑ ሞቅ ይላል እንጂ አያስመርርም፤ ከከዚራ ሠፈር የጥላ ዛፎች ሥር በእግር መሄድ ደስ ያሰኛል፤ ሌሊት ተነሥቶ ታክሲ ለሚሰለፍ ሰው ደግሞ ከቤት ወጥቶ በባጃጅ በጥቂት ደቂቃ ሥራ ቦታ መድረስ ራሱ ትልቅ ዕረፍት ነው። ነገር ግን አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትገኝ ድሬዳዋ ያለችው 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ይህ ልዩነት በጥር ደስ የሚያሰኘውን ያህል በግንቦትና በሰኔ ደጋ ያደገን ሰው ይፈትናል። በእነዚያ ወራት ከቀትር ጀምሮ ለጥቂት ሰዓታት ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ይገባል። ሌሊትም ቢሆን የቤቱ ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሲተፋ ስለሚያድር እኛ በነበርንበት ግቢ አልጋ ወደ ውጭ ይወጣ ነበር። በመጀመሪያው ግንቦቴ ነጠላ ውኃ ነክሬ እየጨመቅኩ ለብሼ ስተኛ እኩለ ሌሊት ሳይደርስ ደርቆ እየነቃሁ ዳግመኛ እነክረው እንደነበር አስታውሳለሁ። በሦስተኛው ዓመት ግን ያው ሙቀት አያስነቃኝም ነበር፤ ሰውነት ይለምዳል። የሁሉም ሰው ሰውነት ግን በአንድ ልክ አይለምድም፤ የ37 ዓመት ሴት፣ የአምስት ዓመት ሕፃንና ደም ግፊት ያለባቸው የ70 ዓመት እናት ሙቀቱን የሚቀበሉት እኩል አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልምጣ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የአዲስ ሠራተኛ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ አይችልም፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ አሠሪው ሠራተኛው ለሥራው አልተስማማም ካለ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት ይችላል፤ ሠራተኛውም እንደዚሁ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊለቅ ይችላል። ብዙ ሰው ይህን ጊዜ አሠሪ ሠራተኛን የሚፈትንበት ብቻ አድርጎ ያየዋል። እርስዎ ግን ቀኑን ቢቆጥሩት በሚያዝያ መጀመሪያ የተጀመረ 60 የሥራ ቀን የሚያበቃው ሰኔ ውስጥ ነው፤ የልጆችዎ ትምህርት የሚዘጋውም በዚያው ሰሞን ነው፤ በመካከሉ ያሉት ወራት ደግሞ የከተማይቱ ከባድ የሙቀት ወራት ናቸው። ድርጅቱ እርስዎን በሚፈትንባቸው ሳምንታት እርስዎም ድርጅቱንና ከተማዋን መፈተን ይችላሉ። በሰኔ መጨረሻ ላይ ሥራው ካልተስማማዎት ወይም ድርጅቱ ቃሉን ካልጠበቀ የሚጎዳው የአንድ ሰው ሥራ ነው፤ ቤተሰቡን ሁሉ በሚያዝያ አንሥተው ቢሄዱ ግን በዚያው ቀን የባለቤትዎ ደመወዝ፣ የልጆችዎ ትምህርትና የኮተቤው ቤት አብረው ይጠፋሉ።

ይህ መንገድ ዋጋ የለውም አልልም። ለአምስት ዓመት ልጅ ሦስት ወር ረጅም ጊዜ ነው፤ ዛሬም ተኝቶ የሚያገኙት ልጅ ጭራሹን በስልክ ሊያገኝዎት ነው። ጎረቤትም «ባሏን ጥላ ሄደች» ማለቱ አይቀርም፤ ይህንን ከወዲሁ ከባለቤትዎ ጋር ተነጋግረው ለዘመድ የሚሰጠውን መልስ አንድ ያድርጉት፤ ለእናትዎ ወገኖችም ለባለቤትዎ ወገኖችም የሚናገሩት ባለቤትዎ ቢሆኑ ይሻላል። በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ለመምጣት ያስቡ፤ መንገዱ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፤ በ2010 ዓ.ም. መንገደኛ ማጓጓዝ የጀመረው ባቡርም አለ፤ የሚነሣበትን ቀን አስቀድመው ይጠይቁ፤ የመንገዱንም ወቅታዊ ሁኔታ በየጊዜው ያጣሩ።

ስለ ገንዘቡ የጻፉትን ሳነብ የሒሳብ ባለሙያ መሆንዎ ቢያስደንቀኝም፣ ሰው ለራሱ ጉዳይ ሲሆን ጥቅሉን ደመወዝ እንጂ እጁ የሚገባውን እንደማያይ በብዙ ደብዳቤዎች ተመልክቻለሁ። የ13,000 ብሩ ጭማሪ በሙሉ ያረፈው 35 በመቶ ግብር በሚከፈልበት የላይኛው እርከን ላይ ነው፤ 4,550 ብር ለግብር ይሄዳል፤ ጭማሪው መነሻ ደመወዝ ከሆነ ደግሞ የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ ማለትም 910 ብር ይቀነሳል። በእጅዎ የሚቀረው 7,540 ብር ነው። በዚህ ላይ የኪራዩን ልዩነት 5,000 ብር ይጨምሩ፤ 12,540 ብር ሆነ። ባለቤትዎ ሥራ ሳያገኙ አብረው ቢሄዱ ግን 11,000 ብር ይጎድላል፤ በወር የሚተርፈው 1,540 ብር ብቻ ነው። ይህ ገንዘብ የአየር ማራገቢያውን መብራት፣ የመጠጥ ውኃውንና አምስት ሰው በዓመት አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ደርሶ የሚመለስበትን አይችልም። ባለቤትዎ እዚያ ሥራ ካገኙ ግን ስሌቱ ተገልብጦ ቤተሰቡ በእርግጥ እፎይ ይላል። እንግዲህ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚወስነው የእርስዎ ደመወዝ አይደለም፤ የእሳቸው ሥራ ነው፤ በደብዳቤዎ ውስጥ ግን የእሳቸው ሥራ በአንድ ዐረፍተ ነገር ታልፏል።

«አንቺ ካልሽ እሺ» የሚለው ቃል ፈቃድ ሊሆን ይችላል፤ ተስፋ መቁረጥም ሊሆን ይችላል፤ የትኛው እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። እኔ ወደ ድሬዳዋ ስሄድ ባለቤቴ ሥራዋን ለቃ ተከትላኝ ነበር፤ ስትስማማም የተናገረችው ከዚህ ብዙም የማይለይ ቃል ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ያለ ሥራ ስትቀመጥ በየማታው ስለ ሙቀቱ ታማርርልኝ ነበር፤ እኔም ስለ ሙቀቱ ብቻ የምታወራ መስሎኝ ማራገቢያ ገዛሁላት። ጉዳዩ ሙቀቱ እንዳልነበረ የገባኝ በሁለተኛው ዓመት ሥራ ስታገኝ፣ በዚያው ግንቦት፣ በዚያው ቤት፣ ማማረሯን ስትተው ነው። ስለዚህ ባለቤትዎን «እንሂድ ወይ?» ብለው አይጠይቋቸው፤ መልሱን አስቀድመው ያውቁታልና። «በመስከረም ድሬዳዋ ላይ ጠዋት ስትነሣ የት ትሄዳለህ?» ብለው ይጠይቋቸው፤ መልስ እስኪሰጡም ዝም ብለው ይጠብቋቸው።

ለጥያቄው ተጨባጭ መልስ እንዲኖረው ደግሞ ዝውውሩ ከአሁኑ መጠየቅ አለበት። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ሁለቱም ተጠሪነታቸው ለፌዴራል መንግሥት የሆነ ከተሞች ቢሆኑም የየራሳቸው የትምህርት ቢሮ ያላቸው ሁለት አስተዳደሮች ናቸው፤ የመምህሩ ዝውውር ከአንድ ክፍለ ከተማ ወደ ሌላ እንደመዛወር ቀላል አይደለም፤ ተቀባዩ ዘንድ በትምህርት ዓይነቱ ክፍት ቦታ መኖር አለበት፤ ወይም ከዚያ ወደ አዲስ አበባ መምጣት የሚፈልግ መምህር መገኘት አለበት። የግል ትምህርት ቤቶችም ለመስከረም የሚሆን መምህር መፈለግ የሚጀምሩት በክረምቱ ነው። እርስዎ በሚያዝያ እዚያ ሲገኙ የባለቤትዎን የትምህርት ማስረጃ ቅጂ ይዘው በየትምህርት ቤቱ በር መግባት ይችላሉ፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ በስልክ ከመጠየቅ ይህ እጅግ የተሻለ ነው። እስከዚያው ግን ባለቤትዎ የመልቀቂያ ደብዳቤ እንዳይጽፉ አደራ እላለሁ።

ዘመድ የለንም ያሉት ግን ከፈሩት ያነሰ ነው የሚያስቸግርዎት። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የመጣው የባቡር ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ መጤ የሠራት ከተማ ናት፤ ሐዲዱና ንግዱ ከየአገሩ የሰበሰበው ሰው ነው የኖረባት። በአንድ ግቢ ውስጥ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛና ሐረሪኛ ሲነገር መስማት እዚያ እንግዳ ነገር አይደለም፤ አንድ ሰው በአንድ ቋንቋ ጀምሮ በሌላው ይጨርሳል። ማንም «ከየት መጣሽ?» ብሎ አያገልልዎትም፤ ይልቁንስ በመጀመሪያው ቀን «አንቺ» ብሎ በመጥራት እንደ ቤተኛ ይቆጥርዎታል። በአዲስ አበባ ወግ ላደገ ሰው፣ በተለይ ለእናትዎ፣ ይህ አንቱታ የጎደለው ሊመስል ስለሚችል ንቀት አለመሆኑን አስቀድመው ይንገሯቸው። ትንሹ ልጅዎ በስድስት ወር ውስጥ ከእርስዎ ቀድሞ ሁለት ቋንቋ ይዞ ቢገባ አይደነቁ።

እናትዎ «እኔን እዚሁ ቅበሩኝና ሂዱ» ማለታቸው ግን ረዘም ላለ ጊዜ እንድቀመጥ አድርጎኛል። ይህን ቃል ብዙዎች እንደ ማስፈራሪያ ወይም እንደ እርጅና ቁጣ ይሰሙታል። እኔ ግን የሰማሁት ጥያቄ ነው፤ «ብሞት ማን ይቀብረኛል?» እያሉ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለች እናት በየወሩ ጃንጥላዋን ይዛ፣ የዕድር ደብተሯን በመሐረብ ጠቅልላ በደረቷ አድርጋ ስብሰባ የምትሄደው ለገንዘቡ አይደለም፤ ሰላሳ ዓመት በሌላው ሰው ድንኳን ውስጥ ንፍሮ የቀቀለችበት፣ ያለቀሰችበት ውለታ እዚያ ደብተር ውስጥ ስለተመዘገበ ነው። ውለታው የሚመለሰው በአንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያ ቀን ድሬዳዋ ላይ ከሆነ ማን ነው የሚመልሰው? ቁልቢ ገብርኤል ቅርብ ነው ማለታችሁ እውነት ነው፤ ለታኅሣሥ 19 እና ለሐምሌ 19 ንግሥ እንደ አዲስ አበባ ሰው አይደክሙም። ነገር ግን እናትዎ ስለ ቀብራቸው ሲጠይቁ ስለ ንግሥ በዓል የተመለሰላቸው መልስ እንደ ሕፃን የመባበል ስሜት ሰጥቷቸው እንደሆነ እፈራለሁ። እባክዎን ቁልቢን ለጊዜው አያንሡት።

ይልቁንስ ፊት ለፊት ስለ ጠየቁት ነገር ያነጋግሯቸው። በብዙ ዕድሮች ደንብ አካባቢውን የለቀቀ አባል በወኪል እየከፈለ መቀጠል ይችላል፤ አንዳንዱ ግን በቀብርና በልቅሶ በአካል አለመገኘትን በመቀጮ ይቀጣል፤ አንዳንዱም ከሠፈሩ የለቀቀን ይሰርዛል። የእናትዎ ዕድር የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ቀላል ነው፤ ወንድም ወይም እህት ካለዎት ወኪል መሆን ይችላሉ፤ ካልሆነም አንድ የታመነ ጎረቤት አይጠፋም። ምናልባትም እናትዎ ሙሉ ዓመቱን ድሬዳዋ መቀመጥ የለባቸው ይሆናል። ከኅዳር እስከ የካቲት አየሩ ለእሳቸውም ይመቻል፤ ሙቀቱ ሲበረታ አዲስ አበባ የሚያርፉበት ቤት ካለ፣ ዓመቱን ከፍለው መኖራቸው ልጆቻቸውንም ዕድራቸውንም እንዳያጡ ያደርጋቸዋል። ይህን ግን ሐሳቡን ከእርስዎ አፍ እንደ ውሳኔ ሳይሆን እንደ ምርጫ ይስሙት፤ ከተለያየ ቤት ወደ ተለያየ ቤት የምትጓዝ አሮጊት ሸክም የሆንኩ ይመስለኛል ብላ ልታዝን ስለምትችል እሳቸው እንቢ ካሉ እንቢታቸውን ያክብሩላቸው። በጤናቸውም በኩል ለደም ግፊት የሚወስዱት መድኃኒት ሽንት የሚያበዛ ዓይነት ከሆነ በሙቀት ላይ ተጨምሮ የሰውነታቸውን ውኃ ሊያሟጥጥ ስለሚችል፣ ጉዞው ከመወሰኑ በፊት ሐኪማቸው መጠኑን እንዲያይላቸው ያድርጉ።

ልጆቹን በተመለከተ ትልቁ ጥያቄ የሴት ልጅዎ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ስምንተኛ ክፍል ገብታ የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ይጠብቃታል፤ ፈተናውም በየክልሉና በየከተማ አስተዳደሩ የሚዘጋጅ ነው። ስለዚህ ከሁሉ የሚከፋው በስምንተኛ ክፍል መካከል ማንሣት ነው፤ ወይ ከመስከረም በፊት ትዛወር፣ ወይ ፈተናዋን አዲስ አበባ ጨርሳ ትሂድ። በድሬዳዋ በአማርኛ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ የትኛው ትምህርት ከየትኛው ክፍል ጀምሮ በምን ቋንቋ እንደሚሰጥ ግን ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄደው ያረጋግጡ። ከኮተቤው ትምህርት ቤትም መሸኛዋንና የውጤት ካርዷን ግቢው ለክረምት ሳይዘጋ ያውጡ። በግንቦት አንድ ቅዳሜና እሑድ እሷና አባቷ እዚያ መጥተው ይዩት፤ በጥር ሳይሆን በግንቦት።

ጤናቸውን ግን በጥንቃቄ ይያዙ። የአዲስ አበባ ልጅ ወባን አያውቅም፤ ወባ ከ2,000 ሜትር በታች ባሉ አካባቢዎች የሚገኝ በሽታ ስለሆነ ድሬዳዋ ላይ ልጅ ሲያተኩሰው «ጉንፋን ነው» ብሎ ማሳደር የለም፤ በዚያው ቀን ምርመራ ነው። በከተማይቱ በ2006 ዓ.ም. የደንጊ፣ በ2011 መጨረሻና በ2012 መግቢያ ደግሞ የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ተከስቶ ነበር፤ ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ የምትነድፈው በቀን ሲሆን የምትራባውም ቤት ውስጥ በተጠራቀመ ውኃ ላይ ነው። በርሜሉም ባልዲውም ይከደን፤ አጎበርም ለሌሊቱ ይኑር።

ሳቢያን ያዩትን ቤት ለጊዜው ይተዉትና ለእነዚህ ሦስት ወራት አንዲት ክፍል ብቻ ይከራዩ፤ ድርጅቱንም የእነዚህን ወራት ኪራይ እንዲሸፍንልዎ ይጠይቁት፤ ለኃላፊነት ከሌላ ከተማ ለሚያመጣው ሰው ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። የቤተሰቡን ቤት የሚመርጡት እዚያው ሆነው ነው፤ ሲመርጡም ጠዋት ሳይሆን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ገብተው ይዩት። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት በዚያ ሰዓት ምድጃ ነው፤ በሁለት አቅጣጫ መስኮት፣ በረንዳና በግቢው ውስጥ አንድ ዛፍ ያለው ቤት ከሰፊው ቤት ይሻላል። የቤቱን ማንቆርቆሪያ ከፍተው ቢያዩ ውስጡ በነጭ ቅርፊት ተሸፍኖ ያገኙታል፤ ውኃው ማዕድን የበዛበት ስለሆነ ነው፤ የተከራዩት ቤት ቧንቧ በደንብ መውረዱንም ከፍተው ያረጋግጡ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እነግርዎታለሁ፤ ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈውን የደቻቱን ወንዝ አሸዋ አይመኑት። ከተማዋን የማያውቅ ሰው በበጋ ሲያየው ሰው የሚሻገረው፣ ልጅ ኳስ የሚጫወትበት ደረቅ ሜዳ ይመስለዋል፤ በአጠገቡ ቤት ሲረክስለትም ይደሰታል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማለቂያ ላይ ዝናቡ በደጋው ላይ ዘንቦ ወንዙ ሌሊት ሰው በተኛበት ሞልቶ ወጣ፤ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። በማግስቱ ጠዋት የማውቃቸውን ቤቶች ፍለጋ ስሄድ ያገኘሁት ጭቃ ነበር። ቤት ሲያዩ አከራዩን ወይም ደላላውን ሳይሆን በዕድሜ የገፉ ጎረቤት «ጎርፉ እስከ የት ደርሶ ነበር?» ብለው ይጠይቁ፤ በእጃቸው ያሳዩዎታል። ውሉንም በጽሑፍ ያድርጉት፤ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ተፈጻሚ በሆነበት ቦታ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስና ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋልና፣ የስድስት ወር አምጡ የሚል አከራይ ቢገጥምዎ በአካባቢው አስተዳደር ጠይቀው መብትዎን ይወቁ።

የኮንዶሚኒየሙ ነገር ቀላል ባይሆንም አጭር ነው። ምዝገባው ከአዲስ አበባ ነዋሪነት ጋር የተያያዘ ስለሆነ የነዋሪነት መሸኛ ከወረዳችሁ ከማውጣታችሁ በፊት፣ መሸኛው በምዝገባችሁ ላይ ምን እንደሚያስከትል ለቤቶች ልማት በጽሑፍ ጠይቃችሁ በጽሑፍ መልስ ተቀበሉ። የቃል መልስ አይበቃም፤ የሚነግራችሁ ሠራተኛ ነገ በዚያ ወንበር ላይ ላይኖር ይችላል። ቁጠባውም በየወሩ አይቋረጥ። ባለቤትዎ በአዲስ አበባ እስከቆዩ ድረስ ለዚህ ጉዳይ ጊዜ አላችሁ።

ለድርጅቱ የሚሰጡት መልስ «እሺ» ብቻ እንዳይሆን። ዕቃ ማስተላለፍ የሚኖረው በጅቡቲ ወደብ በሚገባና በሚወጣ ዕቃ ነው፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የተመረቀው የድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጠና ለዚህ ሥራ ተስፋ ቢሰጥም፣ ድሬዳዋ በአንድ ወቅት ብዙ ሺህ ቤተሰብ በአሮጌው የምድር ባቡር ደመወዝ ሲኖርባት ቆይታ ባቡሩ ሲዳከም ምን እንደሆነች በዓይኔ ያየሁ ሰው ስለሆንኩ፣ ድርጅቱ የሚሠራው ለስንት ደንበኛ እንደሆነ እንዲጠይቁ አጥብቄ እመክራለሁ። ገቢው ሁሉ ከአንድ ደንበኛ ከሆነ የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ከመሆንዎ በፊት ይህን ማወቅ ይገባዎታል። የሥራ ቦታው፣ የሥራ መደቡና ደመወዙ በግልጽ የተጻፈበት፣ ሁለቱም ወገን የፈረሙበት ውል እጅዎ ሳይገባ ለአሁኑ ድርጅት የመልቀቂያ ማስጠንቀቂያ አያስገቡ። ውሉ በየካቲት መጨረሻ ከተፈረመ ሕጉ የሚጠይቀው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በመጋቢት ያልቃል፤ ሚያዝያ ላይ ይደርሳሉ። ዘጠኝ ዓመት ካገለገሉበት ቤት ሲወጡም የሥራ ልምድ ማስረጃዎን በእጅዎ ይዘው፣ ሒሳቡን በሥርዓት አስረክበው ይውጡ፤ ሰኔ ላይ ነገሩ ቢበላሽ መጀመሪያ የሚያንኳኩት በር ያው ሊሆን ይችላልና።

መልስ እንዲሰጡ የጠየቁዎት እስከ የካቲት መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በፊት የእናትዎ ዕድር ሳይሰበሰብ አይቀርም። በዚያ ቀን እሳቸው ብቻቸውን አይሂዱ፤ ጃንጥላቸውን ይዘው አብረዋቸው ይሂዱ፤ ስብሰባው ሲያበቃ ጸሐፊውን «አካባቢውን ለለቀቀ አባል ደንቡ ምን ይላል?» ብለው እናትዎ አጠገብዎ ቆመው ይጠይቁት፤ መልሱንም እሳቸው በራሳቸው ጆሮ ይስሙት። ለድርጅቱ ከዚያ በኋላ ይደውሉ።